ጣራችንን ያስነሱልን እማማ ሐዋ

እማማ ሐዋ ያረፉት ሐሙስ ጠዋት ነው። ቀትር ሳይሆን ተቀበሩ። እኔ ነጠላዬን ስፈልግ፣ ባለቤቴን ከገበያ ሳስጠራ፣ ለልጆቼ ስደውል ጀናዛው ከግቢ ወጥቷል። እኛ ደብረ ብርሃኖች ዘመድ አዝማድ ካልተሰበሰበ ቀብር የለም፤ እነሱ ደግሞ ሟችን ማስጠበቅ ነውር ነው ይላሉ። ይኸው ይህን ሁሉ ዓመት አሶሳ ኖሬ፣ ዛሬም ቀድሜ መድረስ አቃተኝ። ሮጬ ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም።

ለቅሶ ቤት ስገባ ሴቶቹ ከእማማ ሐዋ ልጆች አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ከጎኔ የተቀመጠችው ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች፤ የአንዱ ልጃቸው የሥራ ባልደረባ ናት መሰለኝ። አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አይታ ግራ ተጋባች።

«ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አለችኝ።

ምናቸው ነኝ? ጎረቤት እንዳልላት አነሰብኝ። ዘመድ እንዳልላት፣ የት ተገናኝተን?

«ጣራዬን ያስነሱልኝ ናቸው» አልኳት።

«ኮንትራክተር ነበሩ እንዴ?»

በዚያ ሐዘን መሃል ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ከወዲህ ከወዲያ ያሉት የበርታ ሴቶች ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእነሱ ያልኩት በቂ ነው። ለሌላው ሰው ግን ማስረዳት ያስፈልጋል።

ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ደብረ ብርሃን መምህር ነበር፣ እኔ ታይፒስት። የምንኖረው በእናቱ ቤት ነው፤ በእናቱ ቤት ማለት ደግሞ በእናቱ ሰዓት፣ በእናቱ ጨውና በእናቱ ቁልፍ ማለት ነው። እናቱን አልጠላም ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ሁለት ልጅ ወልጄ የስኳር ዕቃ ለመክፈት ፈቃድ ስጠይቅ እኖራለሁ ወይ? አንድ ቀን ጌታቸው «አዲሱ ክልል ሰው ይፈልጋል፣ ለሚሄድ መምህር ዕድገት አለ፣ ለአንቺም ቢሮ አይጠፋም» ብሎ ሲመጣ፣ አሶሳ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ ሳልጠይቅ «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩት።

አማቴ «ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ወባ ይሄዳል?» ብለው ሳምንት አኮረፉ። እኛ ግን አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ያለንን ሁሉ ሸጥን። ያልሸጥነው ብርድ ልብሶቹን ብቻ ነው። ከነቀምት እስከ መንዲ፣ ከመንዲ እስከ ባምባሲ በዚያ አቧራ መኪና ላይ ጭነናቸው መጣን። አሶሳ ስንወርድ የአውቶቡሱ ረዳት የብርድ ልብሱን እስር ትከሻው ላይ አድርጎ «እማዬ፣ ይሄ ለማን ነው?» ሲለኝ፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

ቤት የለም። ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ሁሉ ኪራይ ይፈልጋል። ቢሮ ራሱ በሣር ቤት ውስጥ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናዬን የማስቀምጠው በሣጥን ላይ ነው። እንደምንም ከአንድ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየንና አራታችንም ገባንባት። ልጆቹ፣ ሰላምና ታናሽ ወንድሟ፣ ሌሊት ሲገላበጡ እኔ መሬት እወርዳለሁ። የራሴን ቁልፍ ብዬ መጥቼ ቁልፉ የሱቁ ጌታ ሆነ።

ጌታቸው ከከተማው ዳር ያንን ቦታ ያየው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው። ሣር የዋጠው፣ አጥር የሌለው፣ አንድ ትልቅ ማንጎ መሃሉ ላይ የቆመበት ሜዳ። የመሥሪያ ቤቴን ሾፌር «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ «ጫካ ነው መምህር፣ የማንም አይደለም» አለው። ሾፌሩ ከጅማ የመጣ፣ ከእኛ በሦስት ወር የቀደመ ሰው ነበር። እኛ ግን እንደ አገር ሽማግሌ ሰማነው። ምን ይደረግ፣ እኛ ባደግንበት አገር መሬት በየዓመቱ ይታረሳል፤ ካልታረሰ ባለቤቱ ወይ ሞቷል ወይ ተሰዷል። መሬት ለዓመታት ተኝቶ እንደሚያርፍ፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ እያረሰ እንደሚጠብቀው ማን ነግሮን?

ሣሩን ስናጸዳ አንድ አሮጌ፣ ከጎኑ የተሰነጠቀ ሙቀጫ አገኘን። ሙቀጫ በጫካ መሃል ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ጌታቸው እያንከባለለ አምጥቶ ማንጎው ሥር ገለበጠው፤ «በርጩማ ይሆናል» አለ። ተማረ የሚባለው እሱ ነው እንግዲህ!

ቆርቆሮ የማይታሰብ ነበርና የአገሩን ቤት፣ የቀርከሃውን ለመሥራት ወሰንን። ሠሪው ጋሽ ይመር ይባላል፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት አንዱ ነው። ቀርከሃ መጎንጎን እዚሁ ተምሮ የተካነ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። «አብሽሪ እቴ፣ ክረምቱ ሳይገባ ጣራሽ ሥር ትተኛለሽ» አለኝ።

እማማ ሐዋን ያየሁት ሥራው በተጀመረ በማግስቱ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት፣ ሱዳኖች እንደሚለብሱት ብርቱካንማ ቶብ ተጠቅልለው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። በዚያን ጊዜ ሃምሳ ቢሞላቸው ነው። እኔ እንግዳ መቀበል የማውቅ መስሎኝ ፈጠን ብዬ ሄድኩ።

«ደህና ዋሉ እናቴ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቤትዎ ነው!»

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ገቡና ወንበር ባቀርብላቸው እምቢ ብለው ሙቀጫው ላይ ተቀመጡ። ሻይ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነበር፤ እስከ ሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ ድረስ እየተመላለሱ ሳሙና፣ ሽቶና የፕላስቲክ ጫማ ይነግዱ ስለነበር፣ ለመሸጫ የሚበቃ ተምረዋል። ወንዱም ሴቱም፣ አንዱም ብዙውም ለእሳቸው «አንተ» ነው። የእኔን በርታኛ ለሰማ ግን የእሳቸው አማርኛ ቅኔ ነው።

በማግስቱም መጡ። በሠልስቱም። በየቀኑ፣ ፀሐይ በረድ ስትል ይመጣሉ፣ ሙቀጫው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፤ አንድ ቀን ባሚያ፣ አንድ ቀን ማንጎ፣ አንድ ቀን የቀርከሃ ቡቃያ። ቡቃያውን እንዴት እንደሚቀቀል ራሳቸው አሳዩኝ። ሰላምን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጸጉሯን ይሠሩላታል። እኔንም ስሜን ትተው «ኡም ሰላም» ይሉኝ ጀመር፣ የሰላም እናት ማለታቸው ነው። ማታ ለጌታቸው «እንዴት ያለች ጎረቤት ሰጠን!» እለዋለሁ። እሱም «ብቸኛ ሳይሆኑ አይቀሩም» ይላል። ብቸኛ! ሰባት ልጅ፣ የማይቆጠር የልጅ ልጅ ያላቸው ሴት!

ጋሽ ይመር ግድግዳውን አቆመ። ጣራውን መሬት ላይ፣ ከግድግዳው አጠገብ ሠራው። የዚህ አገር ቤት እንዲህ ነው፤ ጣራው እንደ ትልቅ ባርኔጣ ለብቻው መሬት ላይ ይበጅና ሰው ተሰብስቦ አንስቶ ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ሲጨርስ እጁን አራግፎ «ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም፣ ማንሳት የሰፈር ሥራ ነው» አለኝ።

ቅዳሜን ለየን። በየቤቱ ዞሬ ጠራሁ። ሁሉም በጥሩ ፊት «ኢንሻአላህ» አሉኝ። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ፣ ባቄላ ቀቀልኩ፣ ሻይ በትልቁ ብረት ድስት ጣድኩ። አንድ ሰው አልመጣም። የመጡት እማማ ሐዋ ብቻ ናቸው። ሙቀጫቸው ላይ ቁጭ ብለው ሻያቸውን ጠጡ፣ ዳቦውን ግን አልነኩትም። እኔ ደግሞ ጠግበው መስሎኝ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠራሁ። ያው ነው። ጌታቸው ገበያ ወርዶ የቀን ሠራተኞች ይዞ መጣ። መጡ፣ ጣራውን ዞረው አዩ፣ ከእማማ ሐዋ ጋር በበርታኛ ሰላም ተባባሉ፣ ከዚያ አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ ወንድሙ ታሞ ትዝ አለው፣ የቀሩትም አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ጋሽ ይመር «ወላሂ፣ ይሄ ሰፈር በአንድ ቀን ነው እንዴ የሚታመመው!» አለ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሣር ጣራ ዝናብ የሚችለው ግድግዳው ላይ ሆኖ ነው እንጂ መሬት ተቀምጦ አይደለም። ሥሩ ይረጥባል፣ ምስጥ ይገባበታል። ጋሽ ይመር ጠርዙን ገለጥ አድርጎ አይቶ ዝም ሲል፣ እሱ ዝም ማለቱ ከምስጡ ይበልጥ አስደነገጠኝ። በዚያው ሰሞን የሱቁ ጌታ ክፍሏን ለወንድሙ እንደሚፈልጋት ነገረን። ወሩ ሲያልቅ ልቀቁ አለን። መመለስ እንዳንል ዕቃችን ተሸጧል፤ ያለን ሁሉ እዚያ መሬት ላይ በተቀመጠው ጣራ ውስጥ ገብቷል። የአማቴ ፊት ታየኝ። «አላልኳችሁም?» ሲሉኝ ሁሉ ተሰማኝ። ከዚያስ በወባ ብሞት ይሻለኛል!

አንድ ከሰዓት ካፊያ እየጣለ እማማ ሐዋ እንደ ልማዳቸው መጡ። ጌታቸው ትምህርት ቤት ነው። እኔ ከጣራው ሥር የገባውን ጭቃ በእጄ እየዛቅኩ ነበር። ሙቀጫቸው ላይ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አየኋቸው፣ አዩኝ። አሁን ሻይ ልታፈላልኝ ነው ብለው የሚጠብቁ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

«እማማ ሐዋ! በፈጠረዎት አምላክ ይንገሩኝ! ይሄ ሰው ምን በድለነው ነው? ምን ፈልጎ ነው?»

«ሰው አይደለም» አሉ። «እኔ ነው።»

«እርስዎ? እርስዎ ምን ፈልገው?»

ሳቅ አሉ። የዚያን ቀን ሳቃቸውን አልረሳውም፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ሳቅ ነው።

«አሁን ጠየቀ» አሉ።

ጭቃውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር ነገሩኝ።

«እኔ ሁሉ ቀን መጣ። አንተ ሻይ ሰጠ። ወንበር ሰጠ። ልጅ ደህና ነው አለ፣ ዝናብ መቼ ነው አለ። መሬት የማን ነው አላለ።» እጃቸውን የተቀመጡበት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ሙቀጫ የእናቴ ነው። እኔ እዚህ ተወለደ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ቤትዎ ነው፣ ይግቡ ያልኳቸው ትዝ አለኝ። ሙቀጫው ትዝ አለኝ። ወር ሙሉ ባሚያ እያመጡ የተቀመጡት መሬታቸውን ሊጠብቁ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ያን ጊዜውኑ ቢነግሩን እኮ…»

«ሌባ ከሆነ እኔ ይጮሃል» አሉኝ። «አንተ ሌባ አይደለም፣ እንግዳ ነው። እኔ ከተናገረ ማባረር ነው። አንተ ከጠየቀ መስጠት ነው።»

ይህን ነገር ስንት ዓመት እያላመጥኩት ኖሬያለሁ። እሳቸው አንድ ቃል ቢተነፍሱ እኛ ተባራሪዎች፣ እሳቸው አባራሪ ሊሆኑ ነው። ስለዚህ በየቀኑ መጥተው እንድንጠይቅ ዕድል ሰጡን። እኛ ደግሞ በየቀኑ ሻይ እንሰጣቸዋለን!

ጌታቸው ሲሰማ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጋሽ ይመር ደግሞ «እኔማ ተጠይቆ ያለቀ ነገር መስሎኝ! ሳትጠይቁ ነው እንዴ ያሠራችሁኝ?» ብሎ ራሱን ያዘ። በማግስቱ ጎረቤቶች ሁሉ ባሉበት ልንጠይቅ ሄድን። ጌታቸው ሌሊቱን ሲያስብበት ያደረውን ንግግር ጀመረ። «የተከበሩ እናታችን፣ እኛ ከሩቅ አገር የተሻለ ኑሮ ፍለጋ…» እያለ ሲሄድ እማማ ሐዋ እጃቸውን አነሱ።

«ረጅም ነው» አሉ። «ጠይቅ።»

«እዚህ እንድንኖር ይፍቀዱልን» አለ ጌታቸው።

መሬቱ ለልጃቸው ለአሚና ታስቦ የተኛ ነበር። አሚናን አዩዋት፤ እሷም በበርታኛ አንድ ነገር አለችና ሴቶቹ ሳቁ። ለእሷ ከወንዙ በኩል ሌላ እንደሚሰጧት ተነገረን። ዋጋ እንክፈል ብንል የሰማን የለም። የጠየቁን ሁለት ነገር ብቻ ነው። ማንጎው አይቆረጥ፣ ሙቀጫው ከቦታው አይነሳ።

ያንኑ ቀን ሰው መጣ። የታመመው ወገብ ሁሉ ድኗል! በጣራው ዙሪያ ወንዶቹ ጎንበስ ብለው ያዙ፣ ከዚያ ቀና ብለው ሁሉም እሳቸውን አዩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ቀን ሁሉም የጠበቀው የእሳቸውን ቃል ነበር፤ ባለመሬቱ ካላለ በዚያ አገር ጣራ የሚያነሳ እጅ የለም። እማማ ሐዋ ቶባቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቢስሚላህ! አንሳ!» አሉ። ጣራው ሲነሳ ሥሩ የተጠለለ እንቁራሪት ሁሉ ወደ እኔ ዘለለ። ጮህኩ፣ ሰው ሳቀ፣ ጣራው ግድግዳው ላይ ቁጭ አለ። በዚያች ሌሊት በራሴ ቁልፍ ዘጋሁ። በኋላ ቦታ ሲመዘገብም ራሳቸው መጥተው «የእሱ ነው» ብለው መሰከሩልን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ልንገር ብል አያልቅም። ከኩርሙክ ሲመለሱ ገና ከአጥር ውጭ «ኡም ሰላም! አለ?» ይላሉ። «የለሁም፣ ሞቻለሁ» ስላቸው «ከሞተ ሽቶ ለማን ይሰጣል?» ብለው ይገባሉ። በክረምት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመጡ፣ እኔ አልቅሼ ልሞት ስደርስ፣ እሳቸው ስለ ሾፌሩ ስንፍና ነው የሚያወሩት። ጣራውን በቆርቆሮ የቀየርነው ቀን ደግሞ ገብተው ወደ ላይ አዩና «ዝናብ ሲመጣ ወሬ አይሰማም» ብለው አኮረፉ። እውነታቸውን ነው፣ አይሰማም።

እሳቸው ራሳቸው ሥራዬን ለወጡት ብል ማን ያምነኛል? የቢሮአችን ደጅ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ። ከገጠር የመጣ ሰው እዚያ ሥር ይቀመጣል። ባልደረቦቼ የሚያርፍ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን ለእማማ ሐዋ ስለ አንድ ሽማግሌ አወራሁላቸው፤ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቁጭ ይላል፣ ሰላም ይለናል፣ ይሄዳል፣ ደስ ይላል አልኳቸው። በዓይናቸው ቆነጠጡኝ።

«ኡም ሰላም፣ አንተ እስከ ዛሬ አልተማረ? ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ጠይቅ።»

በማግስቱ ወጥቼ ጠየቅኩት። የመንደራቸው የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሴቶቹ ወንዝ እየወረዱ ነው፤ ይህን ሊነግር ነበር የመጣው። ይዤው ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው ፋይሉን ሳይሆን የዛፉን ሥር ነበር።

አሚና በወሊድ የሞተች ጊዜ እሳቸው ለቅሶው ካለፈ በኋላ መጥተው ሙቀጫቸው ላይ ተቀመጡ። ሕፃኑ እቅፋቸው ላይ ነው። በዚያን ቀን ሻይ አላፈላሁም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ምን ላድርግልዎ?» አልኳቸው። «ልጁን ያዝ» አሉኝ። ያዝኩት። እሳቸው ማንጎውን ተደግፈው፣ ቶባቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው እስኪመሽ ተኙ። እንቅልፍ ነበር የቸገራቸው። ልጁን ኢስማኢል አሉት፣ እሳቸው ቤት አደገ፣ ግማሹን ቀን እኔ ቤት።

እንግዲህ አሁን እሳቸው የሉም። ለቅሶው አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላ ኢስማኢል መምጣት ጀመረ። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ጢም አውጥቷል፣ ቀርከሃ ሥራ ላይ ነው። ይመጣል፣ ሰላም ይለናል፣ የአያቱ ሙቀጫ ላይ ይቀመጣል። ሻይ እሰጠዋለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄዳል። «ሐዘኑ ከብዶት ነው» አለ ጌታቸው። እኔም «ምስኪን፣ ሽታቸውን ፍለጋ ነው» እያልኩ ዓይኔን እጠርጋለሁ።

አንድ ቀን ሻዩን ሳቀብለው እጁ ሙቀጫውን መታ መታ ሲያደርግ አየሁ። ወይ እኔ! ስንት ጊዜ ነው የምማረው?

«ኢስማኢል» አልኩት። «ልጄ፣ ምን ፈልገህ ነው?»

አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ግን ሲላላ አየሁት። ነገሩን አወጣው። እናቱ ከአያቱ ቀድማ ስለሞተች በሸሪዓው ደንብ ድርሻ የለውም፤ አጎቶቹ መሬቱን ተካፍለዋል። ያጫት ልጅ አለች፤ ቤተሰቦቿ ቤቱ የት ነው ይላሉ። ካላሳያቸው ለሌላ ሊሰጧት ነው።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?»

«አያቴ ናት» አለኝ። «ልትሞት ሰሞን 'ኡም ሰላም ጋ ሂድ፣ ቁጭ በል፣ አፍህን አትክፈት፣ ትጠይቅሃለች' አለችኝ።»

«ባልጠይቅህስ?»

«እኔም እንደዚያ አልኳት። 'ትቆያለች እንጂ ትጠይቃለች' አለችኝ።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ፣ እየሳቅኩ አለቀስኩ። መቃብር ውስጥ ሆነው እንኳ አፌን ያውቁታል!

ከማንጎው ጀርባ ያለው ቦታ የልጄ ሐሳብ ነበረበት። የሚከራዩ ክፍሎች ልንሠራ ብሎኬት ተደርድሯል፤ የጡረታችን ነገር በእሱ ላይ ነበር። ጌታቸውን ሳልጠይቅ «ውሰደው፣ የእናትህ ነበር» አልኩት። ማታ ለጌታቸው ስነግረው «ጣራውን ለመሥራት ብሎኬቱ መነሳት አለበት» አለ። ልጄ በስልክ ተቆጣ፤ የተቆጣውን ያህል ተቆጥቶ ሲያበቃ «አንተስ የተወለድክበትን ሳይሆን ያደግክበትን ቤት ማን ሰጠህ?» አልኩት። ሳምንት አልደወለም። ከዚያ ደወለና የጣራው ማንሻ ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ቅዳሜ ሆነ። ያን ጊዜ በየቤቱ የጠራሁት ሰው ግማሹ የለም፣ የልጆቻቸው ልጆች ናቸው የመጡት። ጋሽ ይመር አርጅቶ ከዘራ ተደግፎ ቆሟል፣ አፉ ግን እንዳለ ነው። ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ ከኢስማኢል ጎን ገብቷል። ወንዶቹ በጣራው ዙሪያ ጎንበስ አሉ፣ ያዙ።

ግን አላነሱም። ምን ይጠብቃሉ ብዬ ዞር ስል፣ ሁሉም ቀና ብለው እኔን ያያሉ። ኢስማኢልም፣ ልጄም፣ ጎረቤቶቹም።

የደብረ ብርሃን ሴት ነኝ፣ መስቀሌ አንገቴ ላይ ነው። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ቢስሚላህ!» አልኩ። «አንሳ!»

ጣራው ተነሳ።